አንቺ ያልረሳሽው ሳጥን

እማዬ፣

ልጅ ሳለሁ ደሴ ለነበረው አጎቴ ደብዳቤ ስታስጽፊኝ ሁልጊዜ ጤናውን በመጠየቅ ነበር የምታስጀምሪኝ። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ጎረቤት ታስጽፊኛለሽ፤ ዋናውን ጉዳይ ግን ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ነበር የምታነሺው። «ሰው ቤት የገባ ሰው ገና ሳይቀመጥ ጉዳዩን አይዘረግፍም» ትዪኝ ነበር። እኔም ዛሬ ከቤት ወሬ ልጀምር፤ ጉዳዩ ከብዶኛልና።

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ቀብርሽ ዘንድ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዱዓ አድርጌ፣ የበቀለውን ሣር ነቅዬ፣ ልነግርሽ የመጣሁትን ሳልነግርሽ ተመለስኩ። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ቤታችን ደህና ነው። ሰሚት ያው ሰሚት ነው፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፣ ጄሪካኖቹ ዛሬም በሩ አጠገብ ተሰልፈዋል። አራተኛ ፎቅ ድረስ ስወጣ ጉልበቴን ያመኝ ጀምሯል፤ አንቺ እንዴት ትወጪው እንደነበር አሁን ሳስበው ይጨንቀኛል። ባለቤቴ ሰሚራ ክፍልሽን እንዳለ ትታዋለች፤ መጋረጃውን ብቻ አጥባ መልሳ ሰቅላዋለች። የእህቴ የዘሀራ ልጅ ሂክማ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል።

ወሎ ሰፈር የነበረው ቤታችን ፈርሷል። አንድ ቀን ከታክሲ ወርጄ ፈለግኩት። በራችን የነበረበት ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሰዎች ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። አጠገባችን የነበረው ጋራዥም የለም። የጎረቤትሽ የእትዬ ወይንሸት ቤትም አብሮ ሄዷል፤ እሳቸው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ስለ እሳቸው ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

እማዬ፣ በየቀኑ የምታደርጊያቸው፣ እኔ ከቁም ነገር ያልቆጠርኳቸው ትንንሽ ነገሮች ነበሩሽ። እንግዳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ፣ ማንም ሳያይሽ ጎንበስ ብለሽ ጫማውን ወደ ውጪ ታዞሪለት ነበር፤ ሲወጣ እግሩን ሰደድ አድርጎ እንዲሄድ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛም ይሁን የመስጂዱ ኢማም፣ ላንቺ ልዩነት አልነበረውም። ቢላ ስታቀብዪ እጀታው ወደ ሰውየው ነበር። እጅ ልታስታጥቢ ስትይ ፎጣውን ክንድሽ ላይ ጣል አድርገሽ፣ ውሃውን አስቀድመሽ በራስሽ እጅ ላይ ጠብ አድርገሽ ትሞክሪው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የእትዬ ወይንሸት እህት ሻይዋን ምንጣፉ ላይ ደፋችና ፊቷ ቀላ። አንቺ ጎንበስ ልትይ ስትይ የራስሽን ብርጭቆ በክንድሽ ገጭተሽ ደፋሽው፤ «ዛሬ እጃችን ምን ነካው» ብለሽ ሳቅሽ። ሴትየዋም አብራሽ ሳቀች። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ሆን ብለሽ መሆኑን አይቻለሁ፤ ያኔ ግን ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልምጣ።

አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ሳለ ከአሰብ ያመጣልሽን ሳጥን ነው የምልሽ፤ ከአልጋሽ ሥር የሚኖረውን፣ ጠርዙ በቆርቆሮ የተለበጠውን፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠውን። የምትከፍቺው በዓመት አንዴ ነበር፣ አረፋ ባለፈ ማግስት፣ በርሽን ገርበብ አድርገሽ። ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቄሽ አላውቅም። ለእኔ ሳጥኑ አልጋሽ ሥር ስጠርግ መጥረጊያዬን የሚያደናቅፍ ነገር ነበር፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ወደ ሰሚት በገባንበት ቀን አንቺና ዘሀራ አዲሱን ቤት ልታጸዱ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ነበር። እኔ እቃ ለማስጫን ቀረሁ። የአይሱዙው ሹፌር ሌላ ሥራ አለብኝ እያለ ይነጫነጫል፣ መኪናው ሞልቷል፣ እኔም ደክሞኛል። መጨረሻ ላይ የቀረው ሳጥንሽ ነበር። ቁልፉ ዝጎ አልከፈት አለኝ። አንስቼ ወዘወዝኩት፤ ቀላል ነው፣ ከውስጡ የጨርቅና የወረቀት ድምጽ ብቻ ይሰማል። ይሄን ማን አራተኛ ፎቅ ይሸከማል ብዬ አሰብኩ። በዚያው ሰዓት «ልዋጭ፣ ልዋጭ» የሚል ሰውዬ በበራችን አለፈ፤ አሮጌ እቃ ወስዶ የፕላስቲክ እቃ የሚሰጠው። ጠራሁት። ሳጥንሽን አንስቼ ሰጠሁት፣ እሱም አንድ አረንጓዴ ሳፋ ሰጠኝ። ሁሉም ነገር ካምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ሰሚት ስደርስ ሳፋውን አንስቼ አሳየሁሽና «ለአዲሱ ቤት ብዬ ገዛሁልሽ» አልኩሽ። አላህ ይስጥልኝ ብለሽ መረቅሽኝ።

እቃው ገብቶ አልቆ ምሳ ስንበላ «ሳጥኔ የትኛው ክፍል ገባ?» ብለሽ ጠየቅሽ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ጊዜው ነበር። ቶሎ ተመልሼ ሰውየውን ብፈልገው ላገኘው እችል ነበር። እኔ ግን «ገርጂ ሱቄ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ እዚህ ቦታ ሲመቻች አመጣልሻለሁ» አልኩሽ። «እሺ» አልሽ። ነገ ሄጄ እፈልገዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩ። በማግስቱ ለሱቁ የታዘዘ የኤሌክትሪክ ገመድ ገባና ስደረድር ዋልኩ። ሳምንቱ አለፈ። አንቺም ደግመሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አለመጠየቅሽን እንደ እፎይታ ቆጠርኩት።

ከአራት ወር በኋላ አረፋ ሆነና ሁላችንም ሰሚት ተሰበሰብን። ከምሳ በኋላ ዘሀራ «እማዬ፣ እስቲ ያንን ሳጥንሽን አውጪው፣ ለሂክማ የአያቶቿን ነገር ላሳያት» አለች። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ። ከዚያ «እኔ እንጃ ልጄ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ረሳሁት» አልሽ።

ዘሀራ ደነገጠች። «እንዴት ይረሳል? ከአልጋሽ ሥር ተለይቶ የማያውቅ ሳጥን?» አለች። አንቺ ፈገግ ብለሽ «እርጅና ነዋ» አልሽ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ቢሆን እንኳ ጥፋቴ ትንሽ ይቀል ነበር። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ። «ሰሞኑን ብዙ ነገር ትረሳለች» አልኩ። አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ፣ እየሰማሽኝ። አልተቃወምሽም። የሂክማን ሳህን አንስተሽ ወደ ጓዳ ገባሽ።

ከዚያን ቀን በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ የኖርሽው አንቺ ነሽና። ዘሀራ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ፈርታልሽ ነው። መጀመሪያ የጋዙን ሲሊንደር ከጓዳ አስወጣች፣ ከፍተሽ እንዳትረሺው ብላ። ቀጥሎ የቤቱን ቁልፍ ተቀበለችሽ። ከዚያ ብቻሽን ታክሲ መሳፈር ቀረ። ሐኪም ዘንድ ስንወስድሽ ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጆችሽን ስም ጠየቀሽ፤ ሁሉንም አንድ ሳታስቀሪ መለስሽ። ሐኪሙ ለዕድሜዋ ደህና ናት አለ። ዘሀራ ግን «ለሐኪም ስትሆን ነው የምትነቃው» አለች፤ እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

በሕይወቷ ሙሉ ለአንድ ሰዓት ቤት ተቀምጣ የማታውቅ ሴት፣ ወሎ ሰፈር እያለን የታመመ ጠይቃ፣ ለቅሶ ደርሳ፣ መስጂድ ሄዳ የምትመለስ ሴት፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታች የሚያልፉትን ሰዎች ጭንቅላት ስትቆጥር ዋለች። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ በር ላይ ነጠላሽን ለብሰሽ ቆመሽ አገኘሁሽ። «ሰኢዴ፣ እስከ ታች ብቻ ልውረድ? ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሼ ልመለስ» አልሽኝ። እናቴ እኔን ፈቃድ ጠየቀችኝ። እኔም «ተዪ እማዬ፣ ዘሀራ ትቆጣለች» አልኩሽ። ነጠላሽን አውልቀሽ በአራት አጣጥፈሽ አስቀመጥሽው።

ሌላም ቀን አለ፤ ይሄ ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ። ልታርፊ ሁለት ወር ሲቀርሽ ይመስለኛል፣ ከዙህር ሰላት በኋላ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። «ሰኢዴ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?» አልሽኝ። ድምጽሽ ቁጣ አልነበረበትም። «የለም እማዬ፣ ምን ይኖራል?» አልኩሽ። የታጠፈውን የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልሽልኝ። «እሺ» ብለሽ እጅሽን ትከሻዬ ላይ አሳረፍሽ። በሩን ከፍተሽልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባሁት።

ልብሽ ደክሞ ሆስፒታል ስትገቢ፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ሁላችንንም በስማችን ጠራሽን። ረፋድ ላይ ነበር ያረፍሽው። ለቅሶ ላይ ዘሀራ «መጨረሻ ላይ ትረሳ ነበር እንጂ ጤነኛ ነበረች» እያለች ለሰው ስትናገር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

የዛሬ አምስት ወር እትዬ ወይንሸትን ልጠይቅ ቦሌ አራብሳ ሄድኩ። ስለ ሰፈራችን መፍረስ፣ ማን የት እንደገባ ስናወራ ቆየን። መሄጃዬ ሲደርስ «ተቀመጥ እስቲ» አሉኝ። «እናትህ አደራ ያለችኝ ነገር ነበር፤ እሷ ካለፈች በኋላ ግን ይዤው መኖር አቃተኝ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ሰሚት በገባን በአራተኛው ቀን ብቻሽን በታክሲ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወሎ ሰፈር ሄደሻል። ሱቅ ውስጥ ነው ያልኩሽን ተጠራጥረሽ፣ ሳጥኑን ረስቼው እዚያ የቀረ መስሎሽ ነበር። እትዬ ወይንሸት ምንም ሳይጠረጥሩ፣ «ሰኢድማ ለልዋጩ ሰጠው እኮ፣ በአረንጓዴ ሳፋ ለወጠው» አሉሽ።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«በረንዳዬ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ጠየቀችኝ። ጠጥታ ስትጨርስ፣ ሄደን ብንፈልገው ይገኝ ይሆን አለች።»

በፀሐይ ሁለታችሁም እስከ ቦሌ ሚካኤል በእግራችሁ ሄዳችሁ፤ ልዋጮቹ እቃ የሚያራግፉበት ግቢ ድረስ። ሰውየው አስታወሰ። እንጨቱን ለማገዶ፣ ቆርቆሮውን ለብረት ገዢዎች ሰጥቶት ነበር። የውስጡን ግን ቆሻሻ ነው ብሎ የቆሻሻ መኪና ላይ ጥሎታል። ሰውየው ሲደነግጥ «አይዞህ፣ አንተ ምን አጠፋህ» አልሽው አሉኝ።

በመመለሻችሁ ውስጡ የነበረውን አንድ በአንድ ነግረሻቸዋል። የአባዬ ነጭ ኮፍያ። የእናትሽ መቁጠሪያ። በሰባተኛ ቀኗ የተላጨው የዘሀራ ጸጉር፣ በመሐረብ ተቋጥሮ። በየዓመቱ በአረፋ ማግስት መቃኑ ላይ አቁመሽ የእኔንና የእህቴን ቁመት የለካሽበት ክር፣ ለየዓመቱ አንድ ቋጠሮ። እና ደብዳቤዎች። አጎቴ ሲሞት ልጆቹ ሰብስበው የመለሱልሽ፣ በልጅነት እጄ የተጻፉ። አንቺ ማንበብ አትችዪም። አውጥተሽ ፊደሌን ታዪው ነበር አሉኝ።

«ልጄ ባዶ መስሎት ነው» አልሻቸው። «ውስጡ ያለውን ቢያውቅ አይሰጥም ነበር፤ እኔም አሳይቼው አላውቅም። እንዳትነግሪው፣ ያፍራል።» በኋላ በር እየተዘጋብሽ መሆኑን በስልክ ስትነግሪያቸው፣ እኔው ለዘሀራ ልንገራት ብለዋል። አንቺ ግን «ተዪ፣ እኔ ስሄድ አብረው የሚቀሩት እነሱ ናቸው፤ በእኔ ምክንያት አይጣሉ» ብለሽ አስማልሻቸው።

እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሚዜን በዚያ ሳፋ አጥበሻል። ከየት እንደመጣ እያወቅሽ።

ከአራብሳ እስከ ሰሚት በእግሬ ነው የመጣሁት። አንድ ሳምንት አሰብኩ። ለዘሀራ ብነግራት አንቺ የጠበቅሽው ነገር ይፈርሳል፤ ባልነግራት ደግሞ ስምሽ በውሸት ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ሳምንቱ ሲሞላ ገርጂ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቆሜ ነገርኳት፣ ከልዋጩ ጀምሬ፣ አንዱንም ሳላቀል። ካውያውን ነቅላ አስቀመጠችው። «ቁልፏን ከእጇ ላይ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስትሰጠኝ እንኳ አላንገራገረችም፤ መዳፌ ውስጥ አድርጋ ጣቶቼን አጠፈችልኝ።» ከዚያ «ሂድልኝ» አለችኝ።

ሁለት ወር አላናገረችኝም። ስደውል አታነሳም፣ ሱቁ በር ላይ ስታልፍ ዞራ አታይም። ፈርጄባት አላውቅም፤ የፈራሽውም ይሄንኑ ነበር። በሦስተኛው ወር መግቢያ አንድ ቅዳሜ ሂክማን ይዛ ሰሚት መጣች። «ለእሷ አንተው ንገራት፣ እኔ አልቻልኩም» አለችኝ።

ለሂክማ መንገር ከሁሉ ከበደኝ። ሰምታ ስትጨርስ፣ «እኔ እኮ በመጣሁ ቁጥር ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው እያልኩ እፈትናት ነበር» አለች። «ሁሌ ትክክል ትመልስ ነበር። ጎበዝ እላትና አጨበጭብላት ነበር።» ተነስታ ክፍልሽ ገባች። ዘሀራ ተከትላት ልትገባ ስትል ያዝኳት፤ እሷም እጄን አልለቀቀችም። ሂክማ እስክትወጣ ድረስ ሁለታችን ኮሪደሩ ላይ እንደዚያው ቆየን።

እንደ ድሮው ሆነናል ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንዴ እያወራን በመሃል ዝም ትላለች፤ ምን እንዳሰበች አውቃለሁ። ግን ትመጣለች። አርብ አርብ አብረን እንበላለን።

ባለፈው እሁድ የዘመዳችን ልጅ ሠርግ ነበር። የአባዬ እህት፣ አክስቴ፣ ከኮምቦልቻ መጥታ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ነበር። ስለ አንቺ ደግ ደጉን አነሳችና መጨረሻ ላይ «ምስኪን፣ ወደ ማብቂያው አእምሮዋ ከድቷት ነበር አሉ» አለች። ጠረጴዛው ዙሪያ አሥር ሰው ይኖራል። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«አክስቴ፣ እማዬ ምንም አልረሳችም» አልኩ። «ሳጥኗን የጣልኩት እኔ ነኝ። እንዳላፍር ብላ ነው ረሳሁ ያለችው።»

አክስቴ ወደ ዘሀራ ዞረች። ዘሀራም «እውነቱን ነው» አለች።

በሰው ፊት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ቀለለኝ ማለት አልችልም። ይቅርታሽን አልጠይቅሽም፤ ሳልጠይቅሽ ሰጥተሽኝ ነው የሄድሽው፣ እሱ ነው የከበደኝ። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነው። ስምሽ በተነሳበት ቦታ ሁሉ፣ ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ትረሳ ነበር የሚል ሰው ሲኖር እናገራለሁ። የሚያፍረው እኔ ልሁን። አፌ እስከሠራ ድረስ እንዲህ እያልኩ አስታውስሻለሁ።

ልጅሽ ሰኢድ